አረጋውያንን በቤት ማስቀመጥ ዕረፍት አይደለም

ስለ ጤና አጠባበቅ በተነገረ ቍጥር የብዙው ሰው ሐሳብ ወደ ውኃ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት፣ ወደ ዝንብና ወደ ቢምቢ ይሄዳል። ይህም ተገቢ ነው፤ እኛም በየወሩ በዚሁ ጽሑፍ የምንደክመው በአብዛኛው ስለዚሁ ነው። ነገር ግን ጤና ማለት የሥጋ ብቻ ሳይሆን የአእምሮም ደኅንነት መሆኑ የታወቀ ስለ ሆነ፣ በሐዋሳ መሃል ከተማ በሥራችን ምክንያት ቤት ለቤት ስንዘዋወር ዘወትር የምናየውን፣ ዳሩ ግን ማንም እንደ በሽታ የማይቈጥረውን አንድ ጕዳይ በዚህ ወር ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን። ይኸውም በፍቅርና በአክብሮት ምክንያት ከቤት እንዳይወጡ ስለ ተደረጉ አረጋውያን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባት ወይም የእናት ዕድሜ ሲገፋ፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ ሞቶ ሌላው ብቻውን ሲቀር፣ ልጆች ከገጠር ወይም ከሌላ ከተማ አምጥተው ወደ ሐዋሳ ያስገቧቸዋል። ንጹሕ አልጋ ይነጠፍላቸዋል፤ ምግቡ በሰዓቱ ይቀርባል፤ ቴሌቪዥን ይከፈትላቸዋል። «አባባ፣ እርስዎ ብዙ ደክመዋል፤ እንግዲህ ይረፉ» ይባላሉ። ወደ ውጭ ልውጣ ያሉ እንደ ሆነ፣ «ባጃጅ ይገጭዎታል፣ ፀሐዩ ያምዎታል፣ ደግሞስ ሰው አባታቸውን ሜዳ ላይ ጣሉ አይለንም ወይ?» እየተባለ ይከለከላሉ። ልጆቹ ማልደው ወደ ሥራ፣ የልጅ ልጆቹም ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በሩ ከውጭ ይቈለፋል። እስከ ምሽቱ ድረስ አረጋዊው ከግድግዳው ጋር ይቀራሉ።

የልጆቹን ቸርነት አንነቅፍም። እንዲያውም አባትና እናትን ለመጦር ያለው ፈቃድ በአገራችን ገና አለመጥፋቱ የሚያስመሰግን ነው። የምንነቅፈው ዕረፍትን ከመቀመጥ ጋር አንድ ማድረጉን ነው። ስድሳና ሰባ ዓመት ሙሉ ከፀሐይ ጋር የወጣ፣ ከፀሐይ ጋር የገባ ሰው በአንድ ጊዜ በአራት ግድግዳ መካከል ቢቀመጥ ያ ለሰውነቱም ለአእምሮውም እንደ ዕረፍት ሳይሆን እንደ ቅጣት ይሆንበታል።

ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ የሚታየው ለውጥ በየቤቱ ተመሳሳይ ነው ለማለት ያስደፍራል። አረጋዊው ቀን በወንበር ላይ ያንቀላፋሉ፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ ያጣሉ። ምግብ ይቀንሳሉ። ቀድሞ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ዘመዱ ይጠይቁ የነበሩት መጠየቁን ይተዋሉ። «ምንዎን ያምዎታል?» ሲባሉ «አዝኛለሁ» ብለው አይመልሱም፤ በአገራችን ልማድ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ይጨንቀኛል»፣ «እግሬን ይቈረጥመኛል» ይላሉ። ቤተሰቡም ከክሊኒክ ወደ ክሊኒክ ይዟቸው ይዞራል፤ ደም ይመረመራል፤ ኪኒን ይገዛል፤ ምንም ያልተገኘ እንደ ሆነ በመጨረሻ «እርጅና ነው» ተብሎ ይተዋል። ይህ «እርጅና ነው» የሚባለው ቃል በዘመድም በባለሙያም አፍ ብዙ በሽታ የሚሸፍን ቃል ነው። ፀጉር መሸበትና ጕልበት መድከም የእርጅና ነው፤ የመኖር ፍላጎት ማጣት ግን የእርጅና ጠባይ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ዕድሜያቸው 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዎች መካከል ከመቶ 14 የሚያህሉት የአእምሮ ሕመም አለባቸው፤ ከሕመሞቹም ዋናዎቹ ድብርትና ጭንቀት ናቸው። ብቸኝነትም ለእነዚህ ሕመሞች ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ መሆኑን ይኸው ድርጅት አጥብቆ ይናገራል።

ማንነታቸውን የማንገልጸው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በጠመኔ አቧራ ውስጥ ቆመው ካስተማሩ በኋላ በ60 ዓመታቸው እንደ ሕጉ ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው ባረፉ ጊዜ ልጃቸው በፎቅ ቤት ሁለተኛ ደርብ ላይ ከሚኖርበት ቤት አስገባቸው። የደም ግፊታቸውን ለመለካት በሄድንበት ቀን፣ እንደ ልማዳችን ነገር ለማስጀመር ያህል «ጋሼ፣ ትናንትና ምን ሲሠሩ ዋሉ?» ብንላቸው፣ ጥቂት አሰቡና «ትናንትና የትኛው ነው?» አሉን። ይህ የመርሳት በሽታ መስሎን በሚገባ ጠየቅናቸው፤ የአገር ስም፣ የሒሳብ ስሌት፣ የተማሪዎቻቸውን ስም ሳይቀር አሳምረው ያውቃሉ። ያጡት ቀናቱን የሚለይ ምልክት ነው። ሰኞም ረቡዕም ያው ወንበር፣ ያው መጋረጃ ሲሆን ሰው በምን ይለየው?

ለልጃቸው የሰጠነው ምክር ቀላል ነበር። ከጎረቤት አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ትምህርቱ ከሰዓት በኋላ ስለ ነበር፣ ጧት ጧት ከሳቸው ጋር ወጥቶ አንድ ሰዓት ያህል በዛፍ ጥላ ሥር እንዲያስቀምጣቸው፣ ደረጃውንም ሲወርዱና ሲወጡ ክንዳቸውን እንዲይዝ ተስማማን። በመጀመሪያው ሳምንት «ደከመኝ» እያሉ ሁለት ቀን ቀሩ። በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ደብተሩን ይዞ መምጣት ጀመረ፤ ክፍልፋይ አልገባው ብሎ ነበርና። ከዚህ በኋላ ስንሄድ ስለ ደም ግፊታቸው ከመጠየቃችን በፊት ስለ ልጁ የፈተና ውጤት ነገሩን። ኀዘናቸው ጠፋ አንልም፤ ባለቤታቸውን ሲያነሡ ዛሬም እንባ ይቀድማቸዋል። ነገር ግን ሌሊት ይተኛሉ፤ ቀኑንም ያውቃሉ።

ከቤት መውጣት ይህን ያህል የሚያደርገው በምን ምክንያት ነው? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ መጀመሪያ ግን ብርሃንን እናስቀድማለን፤ ብዙ ሰው የማያስበው እርሱን ነውና።

በአንጎላችን ውስጥ ቀንና ሌሊትን የሚለይ፣ እንቅልፍን፣ የሰውነትን ሙቀትና የምግብ ፍላጎትን የሚያዛ እንደ ሰዓት ያለ ክፍል አለ። ይህ ሰዓት በየዕለቱ የሚስተካከለው በዓይን በኩል በሚገባ ብርሃን፣ ይልቁንም በጧት ብርሃን ነው። ብርሃን የሚለካው ሉክስ በተባለ መለኪያ ሲሆን፣ በተራ ቤት ውስጥ በቀን የሚገኘው ብርሃን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ሉክስ አያልፍም። ውጭ ግን በጠራ ቀን በዛፍ ጥላ ሥር እንኳ ብዙ ሺህ ሉክስ ይደርሳል፤ በቀትር ፀሐይ ላይ እስከ 100,000 ይጠጋል። ለዓይናችን ቤቱ ብሩህ መስሎ ቢታየንም ለአንጎል ሰዓት ግን መጋረጃው የተዘጋ ቤት ከምሽት ብዙም አይለይም። በዚህ ላይ የሽማግሌ ዓይን ሌንሱ እየወፈረና ቢጫ እየሆነ ስለሚሄድ፣ ሞራ ያለበትም እንደ ሆነ የባሰ ስለሆነ፣ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን ከወጣቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ ብርሃን አብልጦ የሚያስፈልገው ሰው በጨለማው ክፍል የሚቀመጠው እርሱ ሆነ ማለት ነው። ሰዓቱ ሲዛባ ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ቅመም የሚመነጭበት ጊዜም ይዛባል፤ ቀን ማንቀላፋት፣ ሌሊት መባነን ይመጣል። ቤተሰቡ «አባባ ሌሊት እየተነሡ አስቸገሩን» ብሎ የእንቅልፍ ኪኒን ፍለጋ ይሄዳል። የእንቅልፍ ኪኒን በሽማግሌ ላይ መውደቅንና የሐሳብ መደናገርን የሚያመጣ ስለ ሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ አይሰጥ። ከኪኒኑ በፊት መስኮቱ ይከፈት፤ ከመስኮቱም ይልቅ በሩ።

ሁለተኛው ምክንያት እግር ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 120 አረጋውያንን በሁለት ከፍሎ ግማሾቹን በሳምንት ሦስት ቀን እየተራመዱ ቀስ በቀስ እስከ 40 ደቂቃ እንዲደርሱ፣ ግማሾቹን ደግሞ ሰውነታቸውን እንዲያፍታቱ ብቻ አደረገ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ ሂፖካምፐስ የተባለው፣ የማስታወስን ሥራ የሚሠራው የአንጎል ክፍል በተራማጆቹ ከመቶ 2 ያህል ጨመረ፤ በሌሎቹ ግን ቀነሰ። ይህ ክፍል ከዕድሜ ጋር የሚሟሽሽ እንጂ የሚያድግ አይደለም ተብሎ ይታሰብ ስለ ነበር ውጤቱ ሊቃውንቱን አስደንቋል። እኛም ይህን የምንናገረው እግር ሲቀመጥ የሚዝለው ጕልበት ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

ሦስተኛው የዛፍና የውኃ ነገር ነው። ሮጀር ኡልሪክ የተባሉት ሊቅ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 46 ሕመምተኞች፣ ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩ፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ የሚያዩ ነበሩ። ዛፍ የሚያዩት ፈጥነው ከሆስፒታል ወጡ፤ ብርቱ የሕመም ማስታገሻም በጥቂቱ ፈለጉ። በ2019 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የታተመው ሌላው ጥናት ደግሞ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎችን ጠይቆ፣ በሳምንት በድምሩ 120 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ በመናፈሻ፣ በደን ወይም በባሕር ዳር የሚያሳልፉት ሰዎች ጤንነታቸውና ደስታቸው የተሻለ መሆኑን አሳይቷል፤ ሁለቱን ሰዓት በአንድ ቀን ቢያደርጉትም፣ በየቀኑ ቢከፋፍሉትም ልዩነት አልታየም። በዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ «ምናልባት መጀመሪያውኑ ጤነኛ የሆነው ሰው ይሆን የሚወጣው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ እንዲህ ያለው ጥናት ብቻውን ምክንያትንና ውጤትን አይለይም። ዳሩ ግን ስለ ብርሃኑና ስለ እርምጃው ከተባለው ጋር ሲደመር መናቅ የሚገባው አይደለም። መድኃኒቱም ዋጋ የለውም፤ በጥንቃቄ ከተወሰደም ጕዳቱ ጥቂት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ግን ለኛ አገር ሰው ግማሹ ብቻ ነው። በውጭ አገር ስንማር የነበርንበት ከተማ መናፈሻው ሰፊ፣ አግዳሚ ወንበሩ ብዙ፣ የሽማግሌውም ቍጥር ከወንበሩ አያንስም ነበር። ነገር ግን በአንዱ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ፣ በሚቀጥለውም ሌላ ሽማግሌ፣ በመካከላቸውም ዝምታ ነበር። ከርግብ በቀር የሚያነጋግሩት የሌላቸው ነበሩ። ነፋሱም ብርሃኑም አላቸው፤ ሰው የላቸውም። የኛ አገር ሽማግሌ ግን ወደ ውጭ የሚወጣው ለነፋሱ አልነበረም። የሚወጣው ዋርካ ሥር ተቀምጦ ለማስታረቅ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ወይም በመስጊድ ግቢ ለመጨዋወት፣ ገበያ ወጥቶ የእህሉን ዋጋ ለመስማት፣ ቀብር ለመሸኘት ነው። በሲዳማ ባህል ሶንጎ የሚባለው የአባቶች ሸንጎ የሚቀመጠው ከቤት ውጭ ነው። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የፍቼ ጨምባላላ በዓልም በሐዋሳ ጉዱማሌ ሲከበር፣ ሽማግሌዎች ከፊት ሆነው ይታያሉ እንጂ ከቤት አይቀሩም። በዚህ ሁሉ ሽማግሌው በውጭ የሚያገኘው አየር ብቻ ሳይሆን ሥራ ነው፤ ቃሉ ይጠበቃል፤ ባይመጣ «ምነው ቀረ?» ይባላል። ስለዚህ እናትን ወይም አባትን ከቤት ስናስቀር የምንነሳቸው ፀሐይ ብቻ አለመሆኑ ልብ ይባል።

ይህ የሐዋሳ ብቻ ችግር አይደለም። ልጆቻቸው ወደ አሜሪካ ከወሰዷቸው ወላጆች መካከል ቋንቋውን ሳያውቁ፣ በበረዶው ወራት መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የመኪና ቍጥር የሚቈጥሩ ብዙዎች ናቸው። እዚያስ ብርዱ ሰበብ ነው፤ እዚህ ምን ሰበብ አለን?

ከአፍሪካ አንድ ምሳሌ እንጨምር፤ በዚህ ጕዳይ ከአውሮጳው ይልቅ የሚጠቅመን እርሱ ነውና። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉት የአእምሮ ሐኪም በአውሮጳ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. 14 አሮጊቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ በአግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ሐሳብ የበዛበት ሰው ይመጣል፤ ከእናቲቱ አጠገብ ይቀመጣል፤ ይናገራል፤ እርሳቸውም በሥርዐት ከችግሮቹ አንዱን መርጦ እንዲፈታ ያግዙታል። በሾና ቋንቋ የሕመሙ ስም «ኩፉንጊሲሳ» ሲሆን ትርጕሙ «ሐሳብ ማብዛት» ነው፤ እኛም «ሐሳብ ያበዛል» እንደምንለው ያለ ነው። «የወዳጅነት ወንበር» የተባለው ይህ ሥራ በ2016 ዓ.ም. በ24 ጤና ጣቢያዎች በ573 ሰዎች ላይ ተፈትኖ፣ ከወንበሩ የተቀመጡት ከሌሎቹ ይልቅ ድብርታቸውና ጭንቀታቸው መቀነሱ ተረጋግጧል። እኛን ከሁሉ ይልቅ የማረከን ሐኪሞቹ ማንን እንደ መረጡ ነው። ወረቀት ያላቸውን ሳይሆን ዕድሜ ያላቸውን መረጡ። አሮጊት ጦረን የምናስቀምጣት ብቻ ሳትሆን በአደባባይ ተቀምጣ የምታክም መሆኗን በዚህ አዩ።

ወደ ከተማችን እንመለስ። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቈረቈረች ከተማ ስለ ሆነች፣ ያኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኖ የመጣ ሰው ዛሬ ሰማንያውን አልፏል። መንገዱን ሲቀየስ ያዩ፣ ዛፉን ሲተከል ያዩ ሰዎች ዛሬ ከዛፉ ጥላ ሥር ለመቀመጥ ፈቃድ የሚጠይቁ ሆኑ። ለመውጣት የሚያመች አገር ቢኖር ግን ይህ ነው። ከቅዱስ ገብርኤል አደባባይ እስከ ፍቅር ሐይቅ ያለው መንገድ ቀጥ ያለና ሜዳማ በመሆኑ ለሽማግሌ እግር የተሠራ ይመስላል። በሐይቁ ዳር ታላላቅ ዋርካዎች አሉ፤ በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ሲያስጠጉ፣ አባ ኮዳው ዐጥንት ለመልቀም ሲሻማ ማየት ለብዙ ሰዓት የሚበቃ ጨዋታ ነው። የታቦርን ተራራ ግን ጕልበቱ ለሚያመው ሰው አንመክርም፤ ከታች ሆኖ ማየቱ ይበቃል። አንዳንዱ የሐይቅ ዳር ሥፍራ መግቢያ የሚከፈልበት ሆኗል፤ አንዳንዱም በሆቴል አጥር ውስጥ ገብቷል። ለባለጡረታ ጥቂት ብር በየቀኑ ብዙ ብር ነው። አረጋውያን ያለ ክፍያ የሚገቡበት ሰዓት ቢወሰን ማንንም አይጐዳም ብለን እናምናለን።

አረጋውያን ራሳቸው አልወጣም ሲሉ ምክንያታቸውን በጥሞና መጠየቅ ያስፈልጋል። እኛ ብዙ ጊዜ ጠይቀን ያገኘነው መልስ ስንፍና አልነበረም፤ ሽንት ነበር። ሰው ሲያረጅ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ወንዱ ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ ሲያብጥበት፣ ሴቷም ከወሊድ ብዛት የተነሣ መቋጠር ሲያቅታት መንገድ ላይ መዋረድን ይፈራሉ። አፍረው ለልጆቻቸው አይነግሩም፤ «ዛሬ ደክሞኛል» ይላሉ። ስለዚህ አጃቢው መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ አስቀድሞ ይወቅ፤ በመንገድ ያሉ ባለ ቡና ቤቶችም ለሽማግሌ በራቸውን ቢከፍቱ በጎ ነው። እንዲሁም ውኃ መጠጣትን የሚተዉት ይህንኑ ፈርተው ስለ ሆነ፣ በሙቀት ቀን ውኃ ማጣት ራስን መሳትን ስለሚያስከትል ጥቂት ጥቂት እንዲጠጡ ይደረግ። ችግሩም ብዙውን ጊዜ ሕክምና ያለው ስለ ሆነ ጤና ጣቢያ ይታይ።

መውጫው ሰዓት ከጧቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 እስከ 11 ተኩል ቢሆን ይመረጣል። ጧት የሚወጣ ሰው ብርሃኑንም፣ በቆዳው በኩል ለዐጥንት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲም በመጠኑ ያገኛል፤ የቀትሩ ፀሐይ ግን ለዓይንም ለቆዳም ጕዳት ነው። ባርኔጣ ወይም ጥላ ይያዝ። የሐይቁ አካባቢ ወባ ያለበት ስለ ሆነ ቢምቢ ሳይነሣ፣ ጉማሬም ከውኃው ሳይወጣ ወደ ቤት መመለስ ያስፈልጋል። ሸበጥ ለመንገድ አይሆንም፤ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይደረግ። ከዘራ የሚያፍሩበት ሰዎች አሉ፤ ከዘራ የጨዋ ሰው ጌጥ ነው ብላችሁ ግዙላቸው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከተቀመጠበት በድንገት ሲነሣ ዓይኑ ሊጨልምበት ስለሚችል፣ ከመነሣቱ በፊት እግሩን ጥቂት ያንቀሳቅስ። የዓለም የጤና ድርጅት አረጋውያን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴም በሳምንት ሦስት ቀን እንዲጨምሩ ይመክራል። ይህ ቍጥር ለሁሉ የሚሆን አይደለም። ለወራት የተቀመጠ ሰው ከግቢው በር ድረስ ሄዶ ቢመለስ ለመጀመሪያው ቀን በቂ ነው።

መራመድ ፈጽሞ የማይችሉም አሉ። እነርሱን ወንበር አውጥቶ ከግቢ በር ላይ፣ ሰው ከሚያልፍበት ማስቀመጥ ነው። ወደ ጓሮው ሳይሆን ወደ መንገዱ ይሁን፤ ላላፊው ሰላምታ መመለስ ራሱ ሥራ ነው። የቡናውም ረከቦት ከሳሎን ወጥቶ በዛፉ ሥር ቢዘረጋ ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣል። እጃቸው የሚሠራ እንደ ሆነ በቆርቆሮም በጣሳም አፈር ሞልቶ ጤና አዳም፣ በሶ ብላ ወይም ጎመን እንዲተክሉ መስጠት ይቻላል። ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ከጤና አዳሙ ጋር ሲነጋገሩ ሰምተው ልጆቻቸው «አእምሯቸው ተነካ» ብለው ጠሩን፤ ብንሄድ እናቲቱ ለምን እንዳላደገ እየገሠጹት ነበር። ይህ በሽታ አይደለም፤ ገበሬ ሁሉ ያደርገዋል።

ሆኖም ከቤት መውጣት ሁሉን ይፈውሳል ብለን አናታልልም። አንድ አረጋዊ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ምግብ እምቢ ካሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ካልተኙ፣ ከሰው መነጋገር ከተዉ፣ ወይም «ምነው በሞትሁ» የሚለውን እንደ ጸሎት ሳይሆን እንደ ሐሳብ ደጋግመው ከተናገሩ፣ ይህ ብርቱ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መታየት አለባቸው። ሕመሙ በአነጋገርም በመድኃኒትም ይታከማል፤ ጤና ጣቢያውም ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሊልካቸው ይችላል። በድንገት፣ ይኸውም በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሐሳብ መደናገር ከመጣም እርሱ ሌላ ነገር ነው፤ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ሕመም፣ ወባ ወይም የመድኃኒት ስሕተት ሊሆን ስለሚችል በዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ይወሰዱ። ጠበል የሚሄድም ቢሆን ሁለቱን አያጣላ፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይሂድ።

ለመምህራን አንድ የተለየ ልመና አለን። ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ብዙ ተማሪ ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቶ ይውላል፤ በዚያው መንደር ብዙ አረጋዊ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ይውላል። በወላጅ ፈቃድ ሁለቱን ማገናኘት ከአስተማሪ በቀር ለማንም አይቀልም፤ ተማሪዎቹን በቤታቸው አያት ወይም ጦሪ የሌላቸው ሽማግሌ እንዳሉ የሚያውቃቸው እርሱ ነውና። አያቱን ጠይቆ የከተማይቱን የጥንት ታሪክ እንዲጽፍ የታዘዘ ተማሪ አያቱን ይዞ መውጣቱ አይቀርም፤ «ይህ ዛፍ የተተከለው በነማን ጊዜ ነው?» ለማለት ዛፉ ዘንድ መድረስ ያስፈልጋልና። በየትምህርት ቤቱ ጓሮ የተከመረ የተሰበረ ዴስክም አለ። ሁለቱን ሰባብሮ አንድ ጠንካራ አግዳሚ ማውጣት ለአናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከፍታው የጕልበት ያህል ይሁን፤ ዝቅ ካለ ሽማግሌ መነሣት ያቅተዋል። መደገፊያና ለመነሣት የሚይዙት የክንድ ማሳረፊያም ይኑረው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ፣ የጧቱ ጥላ በሚያርፍበት በኩል ይቀመጥ፤ ልጆች ሲገቡና ሲወጡ የሚታዩት ከዚያ ነው።